ከግምጃ ቤት የተገኙ የፊልም ጥቅሎች፦ ዲጂታል ቅጂ ከተሠራ በኋላ ዋናውን ማስወገድ ይቻላል?

ጥያቄው የተላከው ከደብረ ብርሃን ነው። «የምሠራው በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ነው። አሮጌውን ግምጃ ቤት ስናራግፍ በክብ የብረት ቆርቆሮ የተቀመጡ 34 የፊልም ጥቅሎች አገኘን። በአንዳንዶቹ ላይ ‹1958›፣ ‹ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ› የሚል ጽሑፍ አለ፤ ብዙዎቹ ግን ምንም አልተጻፈባቸውም። ከፊሎቹ ሲከፈቱ አቼቶ አቼቶ ይሸታሉ። ፕሮጀክተር ያለው አንድ የቪዲዮ ባለሙያ ፊልሞቹን ግድግዳ ላይ እያሳየ በካሜራ ቀርጾ በሃርድ ዲስክ ሊያስረክበን ፈቃደኛ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮዎቹን ማስወገድ እንችላለን? አሮጌ ፊልም በራሱ ጊዜ ይፈነዳል ስለሚባል ሠራተኞች ፈርተዋል። አዲስ አበባ፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ይላክ የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ የአካባቢያችን ታሪክ ከእጃችን ይወጣል፣ ደብረ ብርሃን እንደሆነ ብርድ ነው፣ እዚሁ ቢቀመጥ አይበላሽም ይላሉ። የማንን ሐሳብ እንከተል?»

ማስወገድ አይቻልም፤ ግድግዳ ላይ እያሳዩ መቅረጹም መቅረት አለበት። አሮጌ ፊልም ዕድሜው በገፋ ቁጥር ይኮማተራል፤ በዓይን ባይለይም በዳርቻው ያሉት ቀዳዳዎች እርስ በርስ ይቀራረባሉ። የፕሮጀክተር ጥርሶች የተሠሩት ላልተኮማተረ ፊልም በመሆኑ፣ መኮማተሩ 1 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ጥርሱ ቀዳዳውን መሳት ይጀምራል፤ በሴኮንድ 24 ጊዜ እየተጎተተ የሚያልፍ ደረቅ ፊልም ጥርሱ አንድ ጊዜ ከሳተው ቅዳጁ እስከ ምስሉ ሊዘልቅ ይችላል። የባለሙያው ፈቃደኝነት የሚመሰገን ነው፤ መሣሪያው ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውጤቱም ቢሆን ደካማ ነው። የካሜራውና የፕሮጀክተሩ ፍጥነት ስለማይገጥም ምስሉ ይርገበገባል፣ መካከሉ ደምቆ ጠርዙ ይጨልማል፣ ድምፁም ከማሽኑ ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። የቅጂው ድክመት የሚታወቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋናው ከተጣለ በኋላ ነው።

ከዚህ የከበደው ስሕተት «ዲጂታል ከሆነ ተጠብቋል» የሚለው እምነት ነው። ዲጂታል ቅጂ የሚሠራው ለማየት፣ ለማስተማርና ለማጥናት ነው፤ ጥበቃ ማለት ግን ዋናው ፊልም ሳይበላሽ የሚቆይበትን ሁኔታ ማመቻቸት ነው። ሃርድ ዲስክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ሥራ ሊያቆም ይችላል። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ፊልም ግን ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል፤ በላዩ ላይ ያለውን ለማወቅም ብርሃንና ማጉያ መነጽር ይበቃል። ዓለም አቀፉ የፊልም ቤተ መዛግብት ፌዴሬሽን፣ በምኅጻሩ ፊያፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ፓሪስ ላይ የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ 70ኛ ዓመቱን ሲያከብር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው መግለጫ ርእሱ «ፊልም አትጣሉ» የሚል ነበር። ዛሬ በተሠራ ቅጂ ተማምኖ ዋናውን ያስወገደ ተቋም፣ ነገ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ ተመልሶ የሚሄድበት ነገር አይኖረውም።

«ሌላ ቅጂ የሆነ ቦታ አይጠፋም» ብሎ መጽናናትም አደገኛ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለቴሌቪዥን ዜናና ለአጫጭር ዘገባ በዓለም ዙሪያ በብዛት ይሠራበት የነበረው የ16 ሚሊሜትር ፊልም ዓይነት ሪቨርሳል ይባላል። ይህ ዓይነቱ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበት ማባዣ ፊልም፣ የለውም፤ ካሜራው ውስጥ የነበረው ያው ጥቅል ታጥቦ ለመታየት የሚበቃ ፊልም ይሆናል። ስለዚህ ካልተባዛ በቀር በዓለም ላይ ያለው እርሱ ብቻ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ፊልሙን ወደ ብርሃን አቅርበው ሲያዩት ቀዳዳዎቹ ያሉበት ዳርቻ ጥቁር ከሆነ በቀጥታ ከካሜራ የወጣ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ዳርቻው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ከኔጌቲቭ የታተመ ቅጂ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም ነው። ቆርቆሮው ላይ የሰፈረው 1958 በእኛ አቆጣጠር ከሆነና ትክክል ከሆነ፣ በእጃችሁ ያለው ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት በተጉለትና ቡልጋ ምድር የተቀረጸ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር በግምት ማስወገድ አይገባም።

ስለ ፍንዳታ የሚነገረው መሠረት አለው፤ ይሁንና እናንተን የሚመለከት አይመስልም። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለሲኒማ ቤቶች ይሠራ የነበረው 35 ሚሊሜትር ፊልም መደቡ፣ ማለትም ምስሉን የሚሸከመው ግልጽ ንጣፍ፣ ሴሉሎስ ናይትሬት ነበር። ይህ ነገር በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ከራሱ ስለሚያገኝም ውኃ ውስጥ እንኳ መንደዱን አያቆምም። 16 ሚሊሜትር ፊልም ግን ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1923 ለቤተሰብና ለትምህርት ቤት ሲያወጣው ይህን አደጋ ለማስቀረት በአሲቴት መደብ የተሠራ ነው። ስለዚህ ማስመሪያ ይዘው የፊልሙን ስፋት ይለኩ። 16 ሚሊሜትር ከሆነ ሠራተኞቹ ይረጋጉ። 35 ሚሊሜትር የሆነ ቢገኝና በዳርቻው ላይ «ሴፍቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ባይኖርበት፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ከሙቀትና ከእሳት ርቆ ይቀመጥ፤ ባለሙያ እስኪያየውም አይነካ። ቁራጭ ቆርጦ በክብሪት መሞከር ፈጽሞ ክልክል ነው።

እውነተኛው አደጋ የአቼቶው ሽታ ነው። የአሲቴት መደብ በሙቀትና በእርጥበት ሲፈርስ አሴቲክ አሲድ ያወጣል። የወጣው አሲድ ደግሞ ተመልሶ መፍረሱን ያፋጥናል፤ እርሾ ሊጡን እንደሚያቦካው፣ ጥቂቱ ሁሉን ይለውጣል። ክዳኑ በጠበቀና በዛገ ቆርቆሮ ውስጥ ትነቱ መውጫ ስለማያገኝ ጉዳቱ ይባባሳል፤ ከታመመው ጥቅል የሚወጣው ትነትም አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ይጎዳል። በአሜሪካ ሮቼስተር የሚገኘው የምስል ዘላቂነት ተቋም ባደረገው ጥናት መሠረት አዲስ የአሲቴት ፊልም በ21 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ የአየር እርጥበት ቢቀመጥ ይህ ሂደት እስኪጀምር 40 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ከጀመረ በኋላ ግን ፍጥነቱ ያሻቅባል። ፊልሙ መጀመሪያ ይኮማተራል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ ይጣመማል፤ በመጨረሻም ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን ከመደቡ ይላቀቃል። የጀመረውን መመለስ አይቻልም። ሽታውን የሚያጠፋ ቅባትም ሆነ ፈሳሽ መድኃኒት አይደለም። የሚቻለው ሂደቱን ማዘግየትና በተገኘው ጊዜ ውስጥ ጥሩ ቅጂ መውሰድ ነው።

«ደብረ ብርሃን ብርድ ነው» የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት አለው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ውስጥ መቀመጣቸው ለእነዚህ ፊልሞች ዕድል ሆኗቸዋል፤ ያው ጥቅል ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እስካሁን ተጣምሞ፣ ሽፋኑም ከመደቡ ተላቅቆ ነበር። ነገር ግን ፊልም የሚፈልገው ብርድ ደረቅና የማይዋዥቅ ብርድ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሁለቱንም አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡና ጉሙ የአየሩን እርጥበት ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። የፊልሙ ምስል ያረፈበት ሽፋን ጄላቲን፣ ማለትም ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚገኝ ነገር ስለሆነ፣ እርጥበቱ ለሳምንታት ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይበላዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ግምጃ ቤት በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ያያል፣ በእያንዳንዱ መዋዠቅ ጊዜም በቆርቆሮው ውስጥ ጤዛ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ የከተማው አየር ፊልሙን ይጠብቅልናል ብሎ መተው አይቻልም። ኮርኒስ ያለው፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ የውኃ ቧንቧ የማያልፍበት የመካከል ክፍል ይመረጥ፤ እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ መሆኑን የሚያሳይ ርካሽ መለኪያ ይሰቀልበት። ፍሪጅ ውስጥ እንክተተው የሚል ሐሳብ ቢመጣ አይቀበሉት። ፊልም በማቀዝቀዣ የሚቀመጠው እርጥበት በማያስገባ ከረጢት በሥርዓቱ ታሽጎ ነው፤ ይህ ካልሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ፊልሙ ይረጥባል።

ጥቅሎቹን መለየት የሚጀመረው ዛሬ ነው። መስኮት በተከፈተበት ክፍል፣ ንጹሕ ወረቀት በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ፣ ጓንት አድርገው አንድ በአንድ ይክፈቷቸው። ከመክፈትዎ በፊት ግን የቆርቆሮውን ፊትና ጀርባ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የዛገ ቆርቆሮ ላይ ያለ የእርሳስ ጽሑፍ አንድ ጊዜ በጨርቅ ከተጠረገ አይመለስም። የሚሸቱትን ከማይሸቱት ለይተው በተለያየ ክፍል ያስቀምጡ። ውስጥ ያለውን ወረቀት፣ ላስቲክና የብረት ማያያዣ ያውጡ፤ ወረቀቱን ግን አይጣሉ፣ የጥቅሉን ቁጥር በእርሳስ ጽፈውበት ለብቻ ያኑሩት። ሁሉም በጀርባቸው ተጋድመው፣ ከአምስትና ከስድስት በላይ ሳይደራረቡ፣ ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይሁኑ። እርስ በርሱ የተጣበቀውን በኃይል አይፍቱ። በውኃ፣ በቤንዚን ወይም በሳኒታይዘር መጥረግ አይገባም። ለልብስ ሳጥን የለመድነውን ናፍታሌን መጨመርም እንዲሁ።

ጠያቂው ስለ ካታሎግ ምንም አላነሡም፤ እኔ ግን ከቅጂውም ከመላኩም የማስቀድመው እርሱን ነው። ምን እንደሆነ ያልተጻፈለት ፊልም በየትኛውም ጥሩ መጋዘን ቢቀመጥ ማንም ሊጠይቀው ስለማይችል እንደሌለ ይቆጠራል። መዝገቡ በደብተርም ሆነ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ሊሠራ ይችላል፤ ዋናው ነገር ለእያንዳንዱ ጥቅል አንድ የማይደገም ቁጥር መስጠትና መረጃው ከየት እንደተገኘ ለይቶ መጻፍ ነው። ቆርቆሮው የሚለው፣ ፊልሙ የሚያሳየውና ሰው የነገረን ሦስት የተለያዩ ማስረጃዎች ናቸው፤ በአንድ ዓምድ ውስጥ ከተቀላቀሉ ከዓመታት በኋላ የትኛው እውነት እንደነበር ማንም አይለየውም። ቆርቆሮ ከፊልም ጋር መለዋወጡ የተለመደ ነውና፣ «ተጉለትና ቡልጋ» የተባለው ጥቅል ሲታይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ርእስ የሌለውን እርስዎ ሲሰይሙት፣ ስሙ ከፊልሙ የተገኘ እንዳልሆነ እንዲታወቅ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያስገቡት።

ፊልሙን ሳያሳዩም ብዙ ማወቅ ይቻላል። ሙሉ የ16 ሚሊሜትር ጥቅል ርዝመቱ 122 ሜትር ያህል ነው፤ በሴኮንድ 24 ምስል ሲሄድ 11 ደቂቃ ይፈጃል፤ የጎደለውንም በዚሁ ሒሳብ መገመት ይቻላል። ቀዳዳዎቹ በአንድ ወገን ብቻ ከሆኑ በሌላው ወገን ድምፅ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። የድምፁ መስመር ጥቁርና ነጭ ሞገድ ከሆነ ድምፁ በብርሃን የሚነበብ ነው፤ ቡናማ ከሆነ ማግኔት ነው፤ በማግኔቱ ውስጥ ያለው የብረት ዝገት የአሲዱን ሥራ ስለሚያፋጥን እንዲህ ያለው ጥቅል ቅድሚያ ያገኛል። በብርሃን የሚነበበው ድምፅ ከሚመለከተው ምስል 26 ምስል ቀድሞ ስለሚታተም፣ «የተቀደደውን ጥቂት ቆርጬ ላስተካክል» የሚል ሰው የሚያጠፋው የሌላውን ትዕይንት ድምፅ ጭምር ነው። አይቁረጡ። በዳርቻው ላይ የሚታዩት የኮዳክ ክብ፣ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ምልክቶች ጥሬ ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ይጠቁማሉ፤ ምልክቶቹ በየ20 ዓመቱ ስለሚደጋገሙ ግን ብቻቸውን አይበቁም፤ የተቀረጸበትንም ዓመት አይናገሩም።

በአገራችን መዛግብት ላይ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በዘመን አቆጣጠር ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለው 1958 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በአውሮፓ ከመስከረም 1965 እስከ መስከረም 1966 ያለው ጊዜ ነው፤ የጻፈው የውጭ ዜጋ ከሆነ ግን በእኛ 1950 ወይም 1951 ይሆናል። በመካከሉ ያሉት ሰባትና ስምንት ዓመታት አንድን ጉብኝት ወይም ምረቃ ከሌላው የሚለዩ ናቸው። ስለዚህ የተገኘው ቁጥር እንዳለ ይገልበጥ፤ ትርጓሜው በሌላ ዓምድ፣ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» ከሚል ምልክት ጋር ይጻፍ። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ተጉለትና ቡልጋ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የነበረ አውራጃ ነው፤ ዛሬ «ሰሜን ሸዋ» የሚባል ዞን ደግሞ በአማራ ክልልም፣ በኦሮሚያ ክልልም አለ፤ የአንዱ ከተማ ደብረ ብርሃን፣ የሌላው ፍቼ ነው። «ሰሜን ሸዋ» ብሎ ብቻ መጻፍ ተመራማሪውን ወደ ተሳሳተ ቦታ ይልካል። በጊዜው የነበረው ስም ይቀመጥ፣ የዛሬው ወረዳና ከተማ ይታከልበት። የሰው ስም በውጭ አገር ሶፍትዌር ልማድ አባትን አስቀድሞ አይገልበጥ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በቅደም ተከተላቸው ይመዝገቡ፤ ማዕረጉ በራሱ ዓምድ ይግባ። «ብርሃን» እና «ብርሀን»፣ «ሥራ» እና «ስራ» በፍለጋ ላይ እንዳይለያዩ አንድ አጻጻፍ ይመረጥና ሌሎቹ እንደ አማራጭ ይያዙ።

ከ34ቱ አንዳንዶቹ ከውጭ ተቋማት ለትምህርት ቤት የተሰጡ የትምህርት ፊልሞች ሆነው ቢገኙ አይደንቅም። እንዲህ ያሉት በሌላ አገር ብዙ ቅጂ ስለሚኖራቸው ወደ ኋላ ሊቆዩ ይችላሉ፤ የአማርኛ ትረካ የተጨመረባቸው ከሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፊያፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የካታሎግ መመሪያ ሥራውን፣ የሥራውን የተለያየ መልክና በእጅ ያለውን ቅጂ ለይቶ መመዝገብን የሚያዝዘው ለዚህ ነው፦ ሥራው በዓለም የታወቀ ሆኖ ሳለ የአማርኛው መልክ በእናንተ ቆርቆሮ ውስጥ ብቻ ሊኖር ይችላል።

ምስሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎችና ቦታዎች ለመለየት የከተማውን አዛውንት፣ በተለይ ጡረታ የወጡ መምህራንን የሚተካ የለም። ይህ ሥራ ጊዜ አይሰጥም፤ ፊልሙ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ፊቱን የሚያውቀው ሰው ግን ላይቆይ ይችላል። ዲጂታል ቅጂው እንደደረሰ ቁጭ ብለው ይዩት፤ ማን ምን እንዳለ፣ መቼ እንዳለ፣ በእርግጠኝነት ይሁን በግምት፣ ከነጋሪው ስም ጋር ይመዝገብ። ሁለት ሰዎች ቢለያዩም አንዱን መርጦ ሌላውን መሰረዝ አይገባም፤ የሁለቱም ቃል ይቀመጥ።

ዲጂታል ቅጂው መሠራት ያለበት ጥርስ በሌለው፣ ፊልሙን በለስላሳ ተሽከርካሪዎች እያሳለፈ ምስል በምስል በሚያነሣ ስካነር ነው። እያንዳንዱን ምስል ለብቻው በሚያስቀምጥ ባልታመቀ የዲ-ፒ-ኤክስ ፋይል በ2ኬ ጥራት (የምስሉ ወርድ 2,000 ነጥብ ገደማ ሲሆን) አንድ ምስል 12 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ 11 ደቂቃ የሚሆን ጥቅል 200 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። ኤፍ-ኤፍ-ቪ-1 የተባለው ምንም መረጃ ሳያጠፋ የሚያሳንስ ዘዴ ስለሆነ ለእናንተ አቅም ይበልጥ ይስማማል፤ ለዕይታ ደግሞ ትንሽ ኤም-ፒ-4 ቅጂ ይውጣ። ፋይሎቹ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንደኛው ከደብረ ብርሃን ውጭ ይቀመጡ። ወጪው ለሁሉም ካልበቃ ቅድሚያው ለሚሸቱት፣ ዳርቻቸው ጥቁር ለሆኑትና ማግኔት ድምፅ ላለባቸው ነው። ቀለም ፊልም ሆኖ ሁሉም ነገር ወደ ቀይ የተለወጠ ቢያገኙ፣ የደበዘዘው ሰማያዊ በፊልሙ ላይ አይመለስም፤ በኮምፒውተር በከፊል ሊታረም ይችላል።

ዋናዎቹ ፊልሞች ወደ ወመዘክር መሄድ አለባቸው፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። በ1936 ዓ.ም የተመሠረተው ይህ ተቋም የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ነው፤ ስለ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በወጣው አዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረትም የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ በመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ብቻ የሚወገድ ንብረት አይደለም። ታሪካችን ከእጃችን ይወጣል የሚለው ስጋት ግን የሚናቅ አይደለም፤ መልሱ ፊልሙን መከልከል ሳይሆን በጽሑፍ መስማማት ነው። ስምምነቱ እያንዳንዱን ጥቅል በቁጥሩ ይዘርዝር፤ ሙሉ ጥራት ያለው ዲጂታል ቅጂና ካታሎጉ ደብረ ብርሃን እንዲቀሩ፣ ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ ለትምህርት እንዲጠቀምበት፣ ማንኛውም ጥቅል ተበላሽቶ ከመወገዱ በፊት ትምህርት ቤቱ እንዲጠየቅ ይደንግግ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ቦታ ጉዳት ቢደርስበት ሌላው ይቀራል፤ የሜክሲኮ ብሔራዊ የፊልም ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 ሲቃጠል ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበራቸው ሥራዎች አብረው ጠፍተዋል። ቆርቆሮውን መያዝ የቅጂ መብት ባለቤት እንደማያደርግም ይታወቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቀው መብት የፊልሙ ሠሪ ወይም አሠሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ሳይጣራ ፊልሞቹ በቴሌግራምና በዩቲዩብ አይለቀቁ።

መለየቱና ዝርዝሩ ከሰኔ በፊት ይለቅ፤ ከዝርዝሩ አንድ ቅጂ ከደብዳቤው ጋር ወደ ወመዘክር ይላክና መቀበያ ቀን ይያዝ። በ130 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ ጥቅሎቹ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ተጋድመው፣ እንዳይንከባለሉ በሣጥን ተደግፈው ይሂዱ፤ የሚሸቱት በተለየ ሣጥን ይሁኑ። ጉዞው በማለዳ ይጀመር። አዲስ አበባ እንደደረሱም ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስለሚገቡ፣ ጤዛ እንዳይቋጥርባቸው አንድ ሌሊት ሳይከፈቱ ይደሩ፤ ርክክቡ በማግሥቱ፣ ቆርቆሮዎቹ አንድ በአንድ ተከፍተው ከዝርዝሩ ጋር ሲመሳከሩ ይፈረም።